የልጆቻችንን የፈተና ውጤት እንዴት እናንብበው?

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በትምህርት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ፈተና ውጤት ነው። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ጥፋታችንን እንናገራለን፤ ይህን ንግግር እንድናዘጋጅ ያደረገን እሱ ነውና።

በ2016 ጳጉሜን የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጣ። የአንዲት አባላችን ልጅ ተፈትና ነበር። እናትየዋ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስልክም የላትም። የጎረቤት ልጅ በስልኩ አየላትና «231 ነው፤ ወድቃለች» አላት። እናትየዋ ኋላ እንደነገረችን ከዚያ ሁሉ የሰማችው «ወድቃለች» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። በሳምንቱ ወደ ቡድናችን መጣች። ልጇ አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ ሄዳ ሰው ቤት ልትሠራ መሆኑን ነገረችንና ለመሳፈሪያና ለልብስ እንዲሆናት ከቁጠባዋ ጠየቀች። እኛም «እግዜር ይርዳት» ብለን ፈርመን ሰጠናት። «እስቲ ውጤቱን አሳይን» ያለ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ገንዘቡን ቆጥረን በእጇ ያስቀመጥነው እኛው ነን።

ከጊዜ በኋላ ትምህርት ሚኒስቴር የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ልጆቹ «ሪሚዲያል» የሚሉት፣ መግቢያ ነጥብ ምን እንደሆነ አስታወቀ። 231 ከመግቢያው በላይ ነበር። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እንደገና የመሞከር ዕድል ነበራት ማለት ነው። ይህን ያወቅነው ግን ምዝገባው ካለፈ በኋላ ነው። ልጅቱ ያኔ አዲስ አበባ የሰው ልጅ አዝላ እንጀራ ትጋግራለች።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። እኛ አፍስሰናል፤ ዛሬ እየለቀምን ነው። እናትየዋ ይህን እንድንናገር ፈቅዳልናለች፤ እዚህም ከመካከላችን ተቀምጣለች። «ሌላዋ እንዳትሳሳት ተናገሩት» ነው ያለችን።

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን እንግባ። ልጆቻችን የሚፈተኗቸው ትልልቅ ፈተናዎች ሦስት ናቸው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናዎች በክልል ደረጃ የሚሰጡ ናቸው። የ12ኛ ክፍል ግን አገር አቀፍ ሲሆን የሚያዘጋጀው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። ከእነዚህ ሌላ ከ1992 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ ከየክልሉ በናሙና በተመረጡ ትምህርት ቤቶች የሚካሄድ አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና አለ። ያ የሚመዝነው የአገሩን ትምህርት ስለሆነ ለአንድ ልጅ የሚሰጠው የማለፍም የመውደቅም ወረቀት የለውም። ልጃችሁ ለእንዲህ ያለ ምዘና ተመርጣ ከሆነ አትደንግጡ።

ወረቀቱ እጃችን ሲገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ከስንት?» ብለን ነው። ገበያ ወርደን ጤፍ ስንገዛ ሰውዬው «ሠላሳ ስምንት» ቢለን ዝም ብለን ገንዘብ አንቆጥርም። በቁና ነው ወይስ በጣሳ፣ በኪሎ ነው ወይስ በኩንታል ብለን እንጠይቃለን። ለውጤትም እንደዚሁ ነው። ዛሬ የ12ኛ ክፍል ፈተና ስድስት ትምህርት አለው፤ እያንዳንዱ ከ100 ስለሚታሰብ ድምሩ ከ600 ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሦስት ፋንታ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት የሚያስፈልገው ከመቶ 50 ነው፤ ከ600 ደግሞ 300 ማለት ነው። ድምሩን ለ6 ስናካፍል ከመቶ ስንት እንደሆነ እናገኛለን። 231 ለ6 ሲካፈል 38 ተኩል ይሆናል።

ጥቂት ዓመት ወደ ኋላ ግን ድምሩ ከ700 ነበር። ስለዚህ «የእኔ ልጅ 320 አምጥቶ ወደቀ፤ ያንቺዋ በ305 እንዴት አለፈች?» ብለው የተጣሉ እናቶች ሁለቱም እውነት ይዘዋል። አንዱ ከ700 ነው፤ ሌላው ከ600። በ8ኛ ክፍልም የማለፊያ ነጥቡን የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ በራሳችን ግምት «ከ50 በታች ነው፤ በቃ» ማለት አይገባንም። ትምህርት ቤቱን «የዘንድሮ ማለፊያ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ።

በአንዳንድ ወረቀት ላይ ደግሞ «ፐርሰንታይል» የሚል ታገኙ ይሆናል። ይህ ከፐርሰንት ይለያል። መቶ ልጆችን በውጤታቸው ቅደም ተከተል ከዝቅተኛው ጀምረን በሰልፍ ብናቆም፣ ፐርሰንታይሏ 62 የሆነች ልጅ 62 ያህሉን በልጣለች ማለት ነው። ከመቶ ጥያቄ 62 መለሰች ማለት አይደለም። ፈተናው ለሁሉም ከብዶ ከሆነ ከመቶ 40 ብቻ መልሳም 62ኛው ቦታ ላይ ልትቆም ትችላለች።

ሁለተኛው ጥያቄያችን «ከማን ጋር?» የሚል ነው። ብዙዎቻችንን ግራ የሚያጋባን ይህ ነው። ልጃችን ከ1ኛ እስከ 11ኛ ክፍል «አንደኛ ወጣች» እየተባለ ስናጨበጭብ ቆይተን፣ በአገር አቀፉ ፈተና ከመቶ 40 ስታመጣ «ምን ነካት? ፍቅር ያዛት እንዴ?» እንላለን። ልጅቱን ምንም አልነካት ይሆናል። የክፍል ደረጃ የሚለካት ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁሉም ሒሳብ ካልገባቸው ከእነሱ የተሻለችው አንደኛ ትወጣለች፤ አንደኛ በመውጣቷ ግን ሒሳቡን ታውቃለች ማለት አይደለም። በሰፈር ሩጫ ቀድማ የደረሰች ልጅ ከአገሩ ሯጮች ጋር ስትሰለፍ ነው ፍጥነቷ የሚታወቀው።

ከታላላቆቿ ጋር ማወዳደርም እንዲሁ ያሳስታል። በደርግ ጊዜ የተማራችሁ እህቶች ማትሪክን ታስታውሳላችሁ። ያኔ ውጤት በኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኤፍ ነበር፤ ትልቁ አማካይም 4 ነጥብ። ከዚያ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መጣ፤ እሱም ቀረ። የ12ኛው ደግሞ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በየአካባቢው ትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር። መግቢያ ነጥቡም ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት ቁጥር እየታየ በየዓመቱ ይወሰን ነበር። መኮራረጁና የፈተና መውጣቱ በዝቶ በ2008 ፈተናው በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና እስከ መሰጠት ደርሷል። ከ2014 ፈተና ጀምሮ ግን ልጆቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው በጥብቅ ቁጥጥር ይፈተናሉ፤ 50 ከመቶም ግዴታ ሆነ። ስለዚህ «ወንድሟ አልፎ እሷ ወደቀች» ከማለታችን በፊት ወንድሟ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ደንብ እንደተፈተነ እንይ።

በዚህ በአዲሱ ደንብ የአገሩ ውጤት ምን እንደነበር እወቁት። በ2014 ፈተና ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው፤ 3.3 ከመቶ። በ2016 ፈተና 5.4 ከመቶ ሆኑ። በ2017 ፈተና ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ 8.4 ከመቶ። ስለዚህ በዚያ ፈተና በኢትዮጵያ ከ12 ተፈታኝ ያለፈው አንድ ገደማ ነው። የእናንተ ልጅ ከአስራ አንዱ አንዷ ከሆነች፣ ከቤታችሁ የወጣ ነውር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። መቶኛው ማደጉ ደስ ያሰኛል፤ ያለፉት ልጆች ቁጥርም በእርግጥ ጨምሯል። ነገር ግን የተፈታኞቹ ቁጥር ከ896 ሺህ ወደ 585 ሺህ ወርዷል። ያልተፈተነ ልጅ በመቶኛው ውስጥ የለም። በእኛ አካባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገንም። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በጸጥታው ችግር በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንት ልጅ ደብተሩን አጥፎ እንደተቀመጠ ሁላችንም አይተናል። እነዚህ ልጆች «አለፉ» ከሚለውም «ወደቁ» ከሚለውም ተራ የሉም። ውጤት ሲነገር ያላለፈችውን ብቻ ሳይሆን ጨርሶ ያልተቆጠረችውንም እናስብ። በየቡድናችን «ከልጆቻችን ስንቱ አለፉ?» ከማለታችን በፊት «ስንቱ ተፈተኑ? 9ኛ ክፍል የጀመሩት ስንት ነበሩ?» እንበል።

ሦስተኛው ጥያቄ «በየትኛው ትምህርት?» የሚል ነው። ድምሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም። የዚያችን ልጅ ወረቀት በኋላ አስመጥተን አየነው። እንግሊዝኛ 47፣ አፕቲቲዩድ 51፣ ሒሳብ 27፣ ፊዚክስ 29፣ ኬሚስትሪ 36፣ ባዮሎጂ 41። ድምሩ ያው 231 ነው። እያንዳንዱን ስናይ ግን ሌላ ነገር ያወራል።

መጀመሪያ መራራውን እንናገር። የፈተናው ጥያቄዎች አራት ምርጫ አላቸው። ጥያቄውን ጨርሶ ያላነበበ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቁር ከአራት አንዱ ይገጥምለታል፤ ከመቶ 25 ገደማ ያገኛል። ስለዚህ ሒሳብ 27 ማለት «ከመቶ ሃያ ሰባቱን ታውቃለች» ማለት አይደለም። በግምት ከምታገኘው ብዙም አልራቀችም፤ ሒሳብ እጇ አልገባም ማለት ነው። ፊዚክስም እንዲሁ። ልጆቻችንን ስንወድ ይህን መደበቅ አይገባንም። «አይዞሽ፤ ትንሽ ነው የቀረሽ» ብለን ብንሸነግላት በሚቀጥለው ዓመት ያው ይገጥማታል።

አሁን ደግሞ ጣፋጩን እንመልከት። አፕቲቲዩድ እንደ ሌላው ትምህርት መጽሐፍ ተይዞ የሚጠና ሳይሆን አስተሳሰብን የሚፈትን ነው። በሱ 51 አመጣች። በእንግሊዝኛም ከግማሽ የቀራት ጥቂት ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንግሊዝኛ የጠፋበት ልጅ ባዮሎጂውን ቢያውቀውም ጥያቄው አይገባውም። የእሷ ችግር ግን ይህ አይደለም። ማሰብ ትችላለች፤ የተጠየቀችውንም ታነባለች። የጎደላት ሒሳብና ሒሳብ የሚፈልገው ፊዚክስ ነው።

ለምን ጎደላት? ደውለን ጠየቅናት። «11ኛ ክፍል እያለን የሒሳብ መምህራችን ለቀቀ፤ ለወራት ክፍለ ጊዜውን ዝም ብለን እንቀመጥ ነበር። የፊዚክስ መጽሐፍ ለአምስት አንድ ነበር፤ እኔ ቤቴ ሩቅ ስለሆነ ይዤው አላደርም» አለችን። እኛ ይህን ሁሉ ዓመት ከጎኗ እየኖርን ልጅቱ መምህር እንደሌላት አናውቅም ነበር። ጎረቤቷ ላም ብትታመምባት ግን በዚያው ቀን እንሰማለን።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና፣ ያ ወረቀት የልጅቱን ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱንና የእኛንም ውጤት ይዟል። በ2015 ፈተና ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ሰነፍ ሊሆን አይችልም። አንድ ማሳ ላይ አንድ ዛላ ቢጠወልግ ዛላውን እናያለን፤ ማሳው በሙሉ ሲጠወልግ ግን አፈሩንና ውሃውን ነው የምናየው።

ስለዚህ ወረቀቱን ይዘን ትምህርት ቤት እንሂድ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ ወተመህ፣ በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ብዙዎቻችን ግን የምንጠራው ለአጥር ማሠሪያ መዋጮ ሲሆን ብቻ ነው። ከእንግዲህ አራት ጥያቄ ይዘን እንግባ። ከተመዘገቡት ስንቱ ተፈተኑ? ሁሉም ዝቅ ያሉበት ትምህርት የትኛው ነው? ከመጽሐፉ ሳይሸፈን የቀረው ምዕራፍ ስንት ነው? ያለፉት ሦስት ዓመታት ውጤት ጎን ለጎን ሲታይ ምን ይመስላል? መምህራኑን ልንከስ አንሄድም። እነሱም ደመወዙ አልበቃ ብሏቸው፣ በዚህ በከፋ ጊዜ ከእኛ ጋር የቆዩ ወገኖቻችን ናቸው። «የሒሳብ መምህር የለንም» ብለው ወረዳ ሲጮኹ ብቻቸውን ነበሩ። እኛ እናቶች ከጎናቸው ብንቆም ድምፁ ይበዛል።

እዚህ ላይ «እኔ ማንበብ አልችልም፤ ምን ላውቅ?» የምትል እህት ትኖራለች። 12ኛ ክፍል እስኪደርሱ አትጠብቂ እንላታለን። ልጅሽ 3ኛ ክፍል ስትሆን የአማርኛ መጽሐፏን ይዛ አጠገብሽ ትቀመጥና አንድ ገጽ ታንብብልሽ። አንቺ ፊደሉን ባታውቂው ጆሮሽ ያውቀዋል። እየተንገዳገደች ከሆነ ትሰሚያለሽ። ስትጨርስ መጽሐፉን ዘግተሽ «እስቲ ምን ይላል? ንገሪኝ» በያት። ታሪኩን መንገር ካቃታት ድምፁን እንጂ ነገሩን አላነበበችም። ሒሳቡን ደግሞ ገበያ ላይ ፈትኛት፤ ሦስት ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ስንት እንደሚሆን፣ ከያዝሽው ብር ስንት እንደሚመለስልሽ ታስላልሽ። በ3ኛ ክፍል የተገኘ ጉድለት በአንድ ክረምት ይሞላል። በ12ኛ ክፍል ሲገኝ ግን ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ነው።

አሁን ወደዚያች ቃል እንመለስ፤ «ወድቃለች» ወደምትለው። ውጤት ከወጣ በኋላ ከ300 በታች ላመጣ ልጅ ያሉት መንገዶች እነዚህ ናቸው። አንደኛው ሪሚዲያል ነው፤ በ2015 የተጀመረ ነው። መግቢያ ነጥቡ ከውጤቱ ቀን በኋላ ለብቻው ይነገራል፤ ለሴት ተማሪዎች ዝቅ ተደርጎም ይወጣል። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ያልገባቸውን ትምህርት ይከልሳሉ፤ መጨረሻ ላይ ተፈትነው ግማሹን ካመጡ ወደ መጀመሪያ ዓመት ያልፋሉ። ሁለተኛው በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ነው። ሦስተኛው ቴክኒክና ሙያ ነው። ይህን «የወደቁ ልጆች ማደሪያ» እያልን ስናቃልለው ቆይተናል፤ ነገር ግን መብራት የሚዘረጋልን፣ የወፍጮ ሞተራችንን የሚጠግንልን ከዚያ የወጣ ልጅ ነው። ውጤቱ ተሳስቷል ብሎ ለሚያምን ደግሞ አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ ይኖራል፤ ጊዜው አጭር ስለሆነ ቶሎ መጠየቅ ነው።

የሞጣ እህቶች ሰባራ ድልድይን ታውቁታላችሁ። በፋሲል ዘመን የተሠራው የዓባይ ድልድይ በጣሊያን ጊዜ መሐሉ ከተቆረጠ በኋላ፣ ጎጃምና በጌምድር የሚመላለሰው ሰው ለብዙ ዓመት በገመድ ታስሮ ነበር የሚሻገረው። ከወዲህም ከወዲያም ገመዱን የሚይዙ ሰዎች ነበሩ። ያን ክፍተት በጉልበቱ ብቻ የሚሻገር አልነበረም። ልጆቻችንም ከትምህርት ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ መሐሉ የተቆረጠ መንገድ ነው የሚጠብቃቸው። እኛ ባለፈው ዓመት ገመዱን መያዝ ሲገባን ለቀቅነው።

አሁን ወደ ወዳጆቻችን እንመለስ፤ ሥራችንን በገንዘብና በሐሳብ ወደምትደግፉት። ዘንድሮ ከአባሎቻችን ልጆች 14 ተፈትነው አንዷ አልፋለች። በሪፖርታችን ይህን ብቻ ጽፈን ብንልክላችሁ ታዝኑ ይሆናል። ከአገሩ ጋር ሲተያይ ግን ከ14 አንድ፣ 7 ከመቶ ነው፤ የአገሩ 8.4 ነው። የራቀ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ቢያልፉ ደግሞ «በእጥፍ አደግን» ብለን ብንጽፍላችሁ አትመኑን። በ14 ልጆች መካከል የአንድ ልጅ ልዩነት የአንዲት ልጅ ጤና፣ የአንድ ቀን ዝናብ ሊያመጣው ይችላል። ስለዚህ ከእንግዲህ «ስንት አለፉ?» ለሚለው ብቻ አንመልስላችሁም። ስንት ልጅ 9ኛ ጀምሮ 12ኛ ደረሰ፣ ስንቱ ተፈተነ፣ ከውጤት በኋላ እያንዳንዱ ልጅ የት ሄደ የሚለውን እንጽፍላችኋለን። ቁጥሩ አንዳንዴ ያሳፍረን ይሆናል፤ ቢሆንም እውነተኛ ይሆናል። እናንተም እንድትጠይቁን የምንለምናችሁ ይህንኑ ነው።

በመጨረሻም ኮሚቴው ለጉባኤው የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ አለ። አንደኛ፣ በየቡድኑ ማንበብ የምትችል አንዲት እህት ወይም አንዲት ልጅ ትመረጥ፤ ውጤት በወጣ ሳምንት የማናቸውንም አባል ልጅ ወረቀት ከእናቷ ጋር ተቀምጣ እያንዳንዱን ትምህርት ታንብብ። ሁለተኛ፣ ከውጤት በኋላ ልጅን ለሥራ ለመላክ ወይም ለመዳር ከቁጠባ ገንዘብ የሚጠይቅ አባል ሲመጣ፣ ቡድኑ አስቀድሞ ወረቀቱን ይይ፤ የሪሚዲያሉ ነጥብ ካልወጣም «እስኪወጣ እንጠብቅ» ይበል። ገንዘቡ የአባሏ ስለሆነ ልንከለክላት አንችልም፤ ሳንጠይቃት ግን አንሰጥም። ሦስተኛ፣ ለሪሚዲያል ለሚሄድ ልጅ የመሳፈሪያና የፍራሽ መግዣ አነስተኛ ብድር ይፈቀድ። አራተኛ፣ በየወሩ አንድ የቡድን ስብሰባ ላይ የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ልጆች መጥተው በፊታችን ያንብቡልን። ቡናውን እኛ እናፈላለን።

ስለዚያች ልጅ መጠየቃችሁ አይቀርም። አሁንም አዲስ አበባ ናት። በዚህ ዓመት በግል ተመዝግባ እንድትፈተን ከእናቷ ጋር ሆነን በስልክ አነጋግረናታል። «ሒሳቡን ማን ያስጠናኛል?» ነው ያለችን። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ወረቀቷን ከእኛ በፊት በደንብ አንብባዋለች ማለት ነው። ያለፈችው ልጃችን ለክረምት ስትመጣ ላስጠናት ብላለች። ትመለስ አትመለስ የምትወስነው ራሷ ናት። ለመመለሻዋ የሚሆነው የመሳፈሪያ ገንዘብ ግን ዛሬ ጉባኤው ከፈቀደ ከማኅበሩ ካዝና ወጥቶ ይቀመጥላት። ስትሄድ የሰጠነውን ያህል ስትመለስም እንስጣት።

 እጅ ለማውጣት የተዘጋጃችሁ፣ አሁን አውጡ።